ዳማ እስኪድን

የጂንካ ሰው አውሮፕላን መቅረቡን የሚያውቀው ሰማይ አይቶ ሳይሆን የዳማን ጆሮ አይቶ ነበር። ሰው ገና ምንም ሳይሰማ፣ ያ ቀይ ዳማ ውሻ ከዘበኛው ጎጆ ደጃፍ ብድግ ይልና ጆሮውን ወደ ሰሜን ያቆማል። ያን ጊዜ ላም ያለው ላሙን፣ ፍየል ያለው ፍየሉን ይጠራል። ነገሬ የማይል ባለከብት ካለም ዳማ ራሱ ሄዶ ይነግርለታል፤ በጥርሱ ሳይነካ ተረከዝ ተረከዛቸውን እየተከተለ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ያጸዳዋል። ሜዳው መቼም አየር ማረፊያ ተብሎ ተጠራ እንጂ ከተማዋ መሀል የተዘረጋ ሣር ነው። ከብቱ ምን ያድርግ? ሣር አይቶ የሚያልፍ ከብት ገና አልተወለደም።

ዳርጌ የዚህ ሜዳ ዘበኛ ነበር። በወጣትነቱ ከጎፋ አገር ጉልበቱን ሊሸጥ መጥቶ፣ ሜዳው ሲደለደል ድንጋይ ለቅሞ፣ ሥራው ሲያልቅ "አንተ እዚሁ ቅር" ተብሎ የቀረ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን አውሮፕላን ሲያሳርፍና ሲያስነሣ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ ተሳፍሮ አያውቅም። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጭቃ ይሆንና መኪና አይወጣም፣ አይገባም። ቢደርቅም ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያልያዘ ሰው ከወረዳው አይሻገርም። ያ ሁሉ ሰማይ ከፊቱ ተከፍቶ፣ እሱ ግን ችካል ላይ እንደታሰረ በሬ ባንድ ቦታ ሲዞር ነው የኖረው። ድሮ ይህ አይከነክነውም ነበር። የከነከነው ልጁን ከወሰዱበት በኋላ ነው።

ልጁ ወንድሙ ይባላል፤ አንድ ለእናቱ ነው። ዳማን ገና ቡችላ ሳለ ከአልዱባ ገበያ በኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣው፣ ከብት ማባረር ያስተማረውም እሱ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከዚያው ሜዳ ሲሄድ ውሻው ከአውሮፕላኑ ኋላ እየሮጠ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኝቶታል። ወንድሙ ሊገባ ሲል ከደረጃው ላይ ዞሮ "አባዬ፣ ዳማን አደራ!" አለ። ሌላ ምን ይበል? በዚያን ሰዓት ለአባትና ለእናት የሚባል ነገር ከየት ይመጣል? ውሻን አደራ ማለት ይቀላል።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ዳማ ሜዳውን ያጸዳና ከደረጃው ሥር ቁጭ ብሎ የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያሸታል። ዳርጌም አጠገቡ ይቆማል። አስካል ሚስቱ ደግሞ ከጎጆዋ ደጃፍ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ታያለች። የሚጠብቁት ሰው አለመውረዱን ሲያረጋግጡ ሦስቱም ወደ ቤታቸው ይገባሉ። "የወንድሙ አባት፣ ምሳህ ቀዝቅዟል" ትለዋለች። "መጣሁ፣ የወንድሙ እናት" ይላታል። ወንድሙ ከተወለደ ጀምሮ ባልና ሚስቱ በስማቸው ተጠራርተው አያውቁም።

የእግሩ ነገር የጀመረው በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት በልግ መግቢያ ላይ ነው። ዳማ ከብት ሲያባርር ቆየና የፊት ቀኝ እግሩን አንጠልጥሎ ቆመ። ዳርጌ "እሾህ ነው" አለ፤ ገልብጦ ቢያይ እሾህ የለም። "እንግዲያው ጥጃ ረግጦት ነው" አለ። ጎረቤቱ ወለምታ ነው ብሎ ፈረደና ወጌሻ ተጠራ። ወጌሻውም እንደ ወጉ ቅቤ ቀብቶ አሸው፣ ጎተተው፣ በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ አሰረው። ውሻው ያን ቀን የጮኸው ጩኸት ገበያው ድረስ ተሰማ። ስንጥሩ ሲፈታ ከአንጓው በላይ ያለው እብጠት እንቁላል ያክል ነበር፤ ሲነኩት ይሞቃል፣ ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ነው። ደግሞ ሌላው ተነሥቶ "መተኮስ ነው መድኃኒቱ" አለና ማጭድ አግለው ተኮሱት። እኛ አገር መቼም መድኃኒት አላውቅም የሚል ሰው የለም። የታመመ ሁሉ ቢያጣ ቢያጣ ምክር አያጣም፤ ውሻም ቢሆን።

ተገኝ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ተገኝ የካኮ መንደር ልጅ ነው፤ ከወንድሙ ጋር አብሮ የሄደ፣ ከወንድሙ ጋር አንድ ጦር ውስጥ የተመደበ። በክራንች ተደግፎ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ አንድ እግሩ ከጉልበት በላይ የለም። ዳማ እያነከሰ ሄዶ አሸተተውና ጭራውን ቆላ። ዳርጌ ክራንቹንም የጎደለውንም እግር ያየ አይመስልም፤ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ወንድሙስ?"

"ደህና ነው፣ ጋሽ ዳርጌ። በኋላ ይመጣል" አለ ተገኝ።

ይህን ሲል ዐይኑ ያለው ውሻው ላይ ነው። ስለ ደህና ሰው የሚያወራ ፊት ለፊት ያያል፤ ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። እኛ ሞትን እንዲሁ በአፋችን አንናገርም። "ትንሽ አሞታል" እንላለን፤ "መንገድ ላይ ነው" እንላለን። ከዚያ ዘመድ ተጠርቶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳል። መርዶ ማለት ያ ነው። እስከዚያ ድረስ አገር ምድሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ሐዘኑ የሚደርስበት ሰው ብቻ ነው። ዳርጌ ራሱ በዕድሜው ስንቱን ሲያረዳ የኖረ ሰው ነውና፣ ተገኝ ዐይኑን ሲሰብር እንዳየ ነገሩ ገባው።

ተከትሎት ሄደ። ተገኝ የሄደው የወንጌል አማኞቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ወደነበሩት ወደ ጋሽ ዶላሞ ቤት ነው። ቤተ ክርስቲያኑ በመንግሥት ትእዛዝ ከታሸገ ወዲህ ሽምግልናቸውን በየሰዉ ቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚወጡት። ዳርጌ ሲገባ ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው ነገረው። ቁጭ ብሎ ኮፍያውን በጥርሱ ነክሶ፣ ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ እያፈነ አለቀሰ።

"እንግዲህ ልጄ፣ ሰምተሃል" አሉ ጋሽ ዶላሞ ሲረጋጋ። "ነገ ማለዳ ሰው ሰብስበን አስካልን እናርዳት።"

"አይሆንም ጋሽ ዶላሞ፣ ይገድላታል። የእናቷን ሞት ያረዷት ጊዜ ወድቃ ስንት ቀን አፏ አልተፈታም! አሁን ደግሞ ይሄን ውሻ ይዛለች። 'ዳማ ካለ ልጄ አለ' ትላለች፣ ጠዋት ማታ። ውሻው ይዳን ብቻ። ዳማ እስኪድን ዝም በሉልኝ።"

ጋሽ ዶላሞ ጢማቸውን እየዳበሱ አሰቡ። እውነቱን ለመናገር እሺ ለማለት ምክንያት አላጡም። የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ "ከበላይ አካል ያልመጣ መርዶ የጠላት ወሬ ነው፤ ወሬ የነዛ ይጠየቅበታል" ብሏል። ከሰሜን ጦር ግንባር በወሬ የመጣ ሞት እንደ ሞት አይቆጠርም፤ የሞተው ልጅ ደመ ከልብ ሆኖ ይቀራል፣ እናቱም ማልቀሷ ወንጀል ይሆናል። ስለዚህ "እሺ፣ ዳማ እስኪድን" አሉ።

በማግስቱ ዳርጌ ውሻውን ትከሻው ላይ ጭኖ እርሻ ጽሕፈት ቤት ወሰደው። የእንስሳት ጤና ረዳቱ ፈለቀ ወጣት ነው፤ ቁጡ ቢሆንም እጁ ልስልስ ነው። እብጠቱን ዳሰሰ፣ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፣ የተተኮሰውን ቁስል አይቶ ከንፈሩን ጮክ አድርጎ መጠጠ።

"ጋሽ ዳርጌ፣ ይህ ስብራት አይደለም፣ ወለምታም አይደለም። የአጥንት ነቀርሳ ነው። እንዲህ ያለ ኬዝ ኮርስ ላይ አሳይተውናል።"

"ነቀርሳ ሰው ነው እንጂ የሚይዝ።"

"ውሻም ይይዛል። ምስጥ የበላው ግንድ አይተው የለም? ላዩ ደህና ነው፣ ውስጡ ዱቄት ነው። ይህም እግር እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ሲሮጥበት ይሰበራል።"

"ቢቆረጥስ? ሰው ይቆረጥ የለም?" አለ ዳርጌ፤ የተገኝ ክራንች ዐይኑ ላይ መጥቶበት።

"ቀደም ብሎ ቢሆን፣ እዚህ የሚቆርጥ ቢኖር፣ ምናልባት። አሁን ግን ሳሉን አይሰሙም? ሳንባው ውስጥ ገብቷል።" ፈለቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ለበሬ ኦፕራሲዮን የመጣ ማደንዘዣ አለኝ። እሱን አብዝቼ ብወጋው ይተኛል፤ ከዚያ አይነቃም። ይህ እንስሳ በጣም ነው የሚያመው፣ ጋሽ ዳርጌ። ዛሬውኑ እንገላግለው።"

ዳርጌ ውሻውን እንደገና ትከሻው ላይ አነሣ። "እሷ አትፈቅድም" አለና ወጣ። ፈለቀ በሩ ድረስ ተከትሎ አስፕሪን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። "ግማሽ ግማሹን በወተት። አያድነውም፣ ትንሽ ያስታግሰው እንደሆነ እንጂ። እንዳይሮጥ ይሰሩት" አለ።

ዳርጌ የገባበትን ወጥመድ ያየው ያን ቀን በመንገድ ላይ ነው። ዳማ እስኪድን ብሎ ቃል አስገብቷል፤ ዳማ አይድንም። ዳማ የሞተ ዕለት ደግሞ ጋሽ ዶላሞ ሰው ሰብስበው ይመጣሉ፣ አስካልም በአንድ ጊዜ ሁለት ሞት ትሰማለች። ሆድ ይፍጀው ብሎ የዋጠውን ነገር ለመትፋት ያለው ጊዜ የውሻው ዕድሜ ያህል ብቻ ነው። የውሻውን ዕድሜ የሚያስረዝመው ደግሞ የውሻው ስቃይ ነው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ የጨነቀው ዳርጌ ግን የሚገባበትም የሚወጣበትም አላገኘም። ያለው ምርጫ ቤቱ ገብቶ ማስታመም ብቻ ነበር።

አስታመሙትም። ዳማ ከጎጆው ምሰሶ ጋር በጠፍር ታሰረ። ከሥሩ የሙዝ ቅጠል ይነጠፍለታል፤ ሲሞቅ ይነሣና ሌላ ቀዝቃዛ ይተካል። አስካል ጨው በለቀቀ ውሃ ጨርቅ እየነከረች እብጠቱን ታቀዘቅዝለታለች። ጎደሬ ቀቅላ፣ አድቅቃ፣ በቅቤ ለውሳ በጣቷ ታጎርሰዋለች። አስፕሪኑን ዳርጌ በድንጋይ ፈጭቶ ወተት ላይ ይነሰንሳል። ዳማ ከእጃቸው ይቀበልና፣ ሲውጥ እንደሚያመው እያወቁበት፣ ለእነሱ ብሎ ይውጣል። ትከሻው መንምኖ አጥንቱ ቀረ፤ እብጠቱ ብቻ እየፋፋ ሄደ። በየትኛው ጎን እንደሚተኛ ጠፍቶት ሲዞር ይውላል፤ ሲተኛ ያቃስታል፣ ሲነሣ ያቃስታል፣ ከዚያ ያስላል። ጎረቤቱ እየመጣ ያይና ከንፈሩን መጦ ይሄዳል። ባልና ሚስቱንም ያይና እንደገና ከንፈሩን ይመጥጣል።

አስካል በመሀሉ በርበሬ ልትሸጥ በጭነት መኪና ካኮ ገበያ ወረደች። ስትመለስ ራሷን በጥቁር ሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። "መኪናው ላይ ነፋስ መታኝ፤ ራሴን ፈለጠኝ" አለች። ከዚያ ወዲህ ሻሹን ቀንም ሌትም አትፈታውም። ዳርጌ "ፌጦ ቀባ አድርጊበት" ከማለት በቀር ብዙ አልተከታተለም። ሊከታተልም አይችልም፤ ተገኝ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሚስቱን ትክ ብሎ አይቷት አያውቅም። ካያት ዐይኑ እንደሚያሳብቅበት ያውቃል። ከእሷ ጋር ሲያወራ ውሻውን እያየ ነው የሚያወራው።

አንድ ነገር ግን አስተውሏል። የመርዶው ነገር ከተነገረው በኋላ "የወንድሙ እናት" ሊላት አፉን ሲከፍት ስሙ አልወጣ ይለዋል። ስለዚህ "አስካል" ማለት ጀመረ። እንግዳ ነገር ነው፤ እንደ ባዕድ ሴት ይመስለዋል። እሷም ከካኮ መልስ "ዳርጌ" ትለው ጀመር። 'አስካል' ማለቴ አስቀይሟት ብድሯን እየመለሰች ነው አለ በልቡ። ጥፋቱ የሱ ነውና አልጠየቃትም።

ዳርጌ ሲጸልይ ዐይኑን ጨፍኖ ስለ ውሻው ይለምናል። የሚለምነው ግን እንዲድን አልነበረም፤ እንዲቆይ ነበር። ያ እንስሳ ያመመውን እግሩን አንጠልጥሎ፣ ዐይኑ ውሃ አቅርሮ፣ እንደ ሰው ሲያየው፣ "ትንሽ ቆይልኝ፣ ትንሽ ብቻ" ይለዋል። ከዚያ በራሱ ያፍራል። ደግ ሰው ነበር ዳርጌ፤ ለውሻ እንኳ ክፉ ተናግሮ የማያውቅ። ደግነቱ ጭካኔ እንደሆነበት ያውቃል፤ ማወቁ ግን መውጫ አልሆነውም።

ፈለቀ የከብት ክትባት ከአውሮፕላን ሊረከብ ወደ ሜዳው በመጣ ቁጥር ጎጆዋ በር ላይ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አለቀና ዳርጌን ወደ ጎን ጠራው።

"ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ? ሁለታችሁም እኮ..." ብሎ ጀመረና ነገሩን ዋጠ።

"ሁለታችንም ምን?"

"ምንም። መርፌው እዚያው ነው ለማለት ነው። በጠሩኝ ሰዓት እመጣለሁ" አለና ክትባቱን ተሸክሞ ሄደ።

ያን ዕለት የሆነውን ጂንካ እስካሁን ታስታውሰዋለች። ሌቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት ብራ ሆነ፤ ሣሩ ለምልሞ ከብቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ነው። አስካል የረጠበውን የሙዝ ቅጠል ልትለውጥለት ዳማን ከምሰሶው ፈትታ ቁጭ አድርጋዋለች። በዚያች ቅጽበት ጆሮው ቆመ። "ዳማ! ተው!" ስትል እሱ በሩን አልፏል።

በሦስት እግሩ ነበር የጀመረው። ከዚያ ከብቶቹን ሲያይ ሕመሙ የተረሳው ይመስል አራተኛውንም አወረደ። ከሜዳው ማዶ አለንጋውን ይዞ የቆመው ዳርጌ ውሻው ሲሮጥ አየና "ዳማ፣ ተመለስ!" አለ። ውሻው የድሮው ዳማ ሆኖ አንዲት ነጭ ላም ተረከዝ ሥር ገባ፣ ዞረ፣ እና ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሜዳው ዳር የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። ዳማ በደረቱ ተደፋ። መጀመሪያ አልጮኸም። ተነሥቶ ከብቱን ሊከተል ሞከረ፤ እግሩ ከአንጓው በላይ ታጥፎ ተንጠለጠለ። የጮኸው ያኔ ነው።

አውሮፕላኑ ከተራራው ጀርባ ብቅ ብሎ ዝቅ እያለ ነው። ከብቶቹ መሀል ሜዳ ላይ ናቸው። ዳርጌ አንድ ጊዜ ወደ ውሻው፣ አንድ ጊዜ ወደ ሰማዩ አየና፣ ሰው የጫነ አውሮፕላን ነውና፣ እያለቀሰ ከብቱን ሊያባርር ሮጠ። አለንጋውን ሲያጮኸው የራሱን ጩኸት አልሰማም። ከብቶቹ ሲበተኑ ጎማው ሣሩን ነካ።

ዞር ሲል አስካል ሜዳው ላይ ናት። ነጠላዋ ወድቆ፣ ባዶ እግሯን፣ ጭቃውን እየረገጠች ከውሻው ዘንድ ደርሳ ተንበርክካ ራሱን ታፋዋ ላይ አድርጋለች። አውሮፕላኑ በጎናቸው አልፎ ሊቆም ሲዞር፣ ነፋሱ ሣሩን አስተኛው፣ የአስካልን ቀሚስ አውለበለበው፣ ከዚያ ያንን በሩጫዋ የላላ ሻሽ ከራሷ ላይ ነጥቆ ወሰደው።

ራሷ የተላጨ ነበር። ተላጭቶ ከርሞ ጥቂት ያደገ፣ አጭር፣ ግማሹ ሽበት። እናት ልጇ ሲሞትባት እንደምትላጨው።

ዳርጌ ባለበት ቆመ። አለንጋው ከእጁ ወደቀ። ያን ሁሉ ቀን እንድታውቅ አልፈልግም ያላትን፣ ስታውቅ ትሞትብኛለች ያላትን ሴት፣ በስንት ጊዜው ገና አሁን አያት። ፊቷ ከስቷል፤ ጉንጯ ላይ እንባ የሄደበት መንገድ ይታያል። ይህ ሁሉ ዐይኑ ሥር ነበር። ቀስ ብሎ ሄዶ ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

"መቼ ሰማሽ?"

አስካል እጇን ራሷ ላይ አደረገች፤ ሻሹ እንደሌለ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። "ካኮ" አለች። "የተገኝ እናት ነገረችኝ። እዚያው፣ እሷ ቤት ተላጨሁ።" ከዚያ ጥያቄው ገባት። ፊቱን አተኩራ አየችው። "አንተስ?"

"ተገኝ የመጣ ዕለት።"

"ከኔ በፊት?"

"ካንቺ በፊት።"

ዳማ በመሀላቸው እያቃሰተ ነው። አስካል ጆሮውን እየዳበሰች፣ "እኔ ላንተ ብዬ ነው" አለች። "አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ስትሮጥ አያለሁ። ይሄ ውሻ ከሞተ ይሄ ሰውዬ በምን ይቆማል ብዬ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ አስምያለሁ።"

"እኔም ላንቺ ነው። ጋሽ ዶላሞን አስምያለሁ።"

ሁለቱም የተንጠለጠለውን እግር አዩ። አንዱ ለሌላው ሲል፣ ሌላው ለአንዱ ሲል፣ ምንም የማያውቅ እንስሳ በልግ ሙሉ ተቃጥሏል። ወጌሻው የጎተተውን፣ ማጭዱ የተኮሰውን ባለማወቅ ነው ይባል። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን እያወቁ ነው። ዳርጌ ግንባሩን የዳማ ግንባር ላይ አሳርፎ "ይቅር በለን" አለው። ውሻው ምላሱን አውጥቶ ጨዋማውን ጉንጩን ላሰለት።

ፈለቀ ክትባት ሊረከብ መጥቶ ኖሮ ሁሉን አይቷል፤ ሳጥኑን ጥሎ ሮጦ ሄዶ መርፌውን ይዞ ሲመለስ ያለከልካል። ቁጣው ግን አልበረደም። "እርስዎ 'እሷ አትፈቅድም' ይሉኛል። እሳቸው ደግሞ ሰንብተው በጓሮ በር መጥተው 'እሱ አይፈቅድም፣ መምጣቴን እንዳትነግረው' ይሉኛል። እኔስ? እኔ ምን ላድርግ ነው የምትሉኝ?" እያለ መድኃኒቱን ከብልቃጡ ወደ መርፌው ሳበ።

"አሁን እንፈቅዳለን" አለች አስካል። "ሁለታችንም።"

እሷ ራሱን፣ ዳርጌ የተሰበረውን እግር ያዙ። መርፌው ሲገባ ዳማ አልተነቃነቀም፤ ከዚያ የባሰውን ለምዷል። ሲቃው ቀስ በቀስ ራቀ፤ ፊቱ ላይ ያለው ጭንቀት ተፈታ፤ እንደ ቡችላነቱ ዘና ብሎ ተኛ። አውሮፕላኑ ሊነሣ ሞተሩን ሲያጓራ አንድ ጆሮው ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ እሱም ወደቀ።

አስካል ያን ጊዜ ለቀቀችው። ከካኮ ጀምሮ ሆዷ ውስጥ አምቃ የያዘችው ጩኸት ወጣ፤ ዳርጌም ተከተላት። ሰው ከገበያው፣ ከየቤቱ፣ ከጠላ ቤቱ ሳይቀር ሮጦ መጣ። ጋሽ ዶላሞ ምርኩዛቸውን ይዘው ደረሱ፤ የአስካልን ራስ አይተው ሁሉን ተረዱና ምርኩዛቸውን ጥለው ጭቃው ላይ ተቀመጡ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ዙሪያዋን ከበቧት። ያ ሁሉ ሰው ሲያውቅ የኖረውን፣ በየምድጃው ሥር ሲያንሾካሹከው የኖረውን ሐዘን በአንድ ጊዜ አወጣው።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። ሰዉን ዞር ዞር ብሎ አየና "ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ? ለማን ነው የሚለቀሰው?" አለ።

ዳርጌ አፉን ሊከፍት ሲል ጋሽ ዶላሞ ቀደሙት።

"ለውሻው ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር። ውሻቸው ሞቶባቸው።"

"ለውሻ ነው ይህ ሁሉ ሰው?"

ሊቀ መንበሩ የሞተውን ውሻ አየ፤ ከዚያ የአስካልን የተላጨ ራስ አየ። እዚያ ላይ ዐይኑ ቆየ። ለውሻ ራስ ይላጫል ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችል ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቀዋል። እሱ ግን ልክ እንደ ተገኝ ዐይኑን ሰብሮ መሬት መሬት አየ። እሱም ያውቅ ነበር ማለት ነው። "ሳይመሽ ጨርሱ" አለና፣ ታጣቂዎቹን እዚያው አቁሞ ሄደ።

ታጣቂዎቹ ቆመው እያዩ፣ ጂንካ ለአንድ ውሻ አለቀሰች። ከብቶቹ ወደ ሣራቸው ተመልሰው በለቀስተኛው ዙሪያ ይግጣሉ፤ የሚያባርራቸው የለም። ሙሾ አውራጇም ብትሆን የጠራችው የዳማን ስም ነው፤ የልጁን ስም ደፍሮ የሚያነሣ አልተገኘም። ዳርጌና ጎረቤቶቹ ከአጥሩ ሥር፣ ያኔ ዳማ ወንድሙን ሲሸኝ ሮጦ ከቆመበት ቦታ ላይ ቆፈሩና ቀበሩት። አፈሩ ሲመለስ ሰዉ መበተን ጀመረ። አስካል ግን ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ናት።

ዳርጌ ሻሹን ከሣሩ ላይ ፈልጎ አገኘው። ጨምቆ፣ አራግፎ ይዞላት መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ታጣቂዎቹ ያዩታል፤ ሰዉም መንገዱን ትቶ ዞሮ ያያል። ከተገኝ መምጣት ወዲህ አፉ እምቢ ያለውን ስም ጮክ ብሎ፣ ሁሉም እስኪሰማው ድረስ ጠራ።

"የወንድሙ እናት! ተነሺ፣ ቤት እንግባ።"

አስካል ቀና አለች። ሻሹን ተቀበለችው፣ ራሷ ላይ ግን አላሰረችውም።

"እሺ፣ የወንድሙ አባት" አለችና እጁን ይዛ ተነሣች።